የኢንተርኔቱን ምስል ከጅማ ዝናብ ጋር ማስታረቅ፦ መታጠቢያ ቤትና ሳሎን

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ የብሎኬት ቤት እየሠራን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል፤ ውስጡ ገና ነው። ሳሎኑ 4.20 በ5 ሜትር፣ መታጠቢያ ቤቱ 1.50 በ2.40 ሲሆን የመታጠቢያው በርና መስኮት በሁለቱ አጫጭር ግድግዳዎች ላይ ፊት ለፊት ናቸው። ከኢንተርኔት ሁለት ምስሎች መርጫለሁ። አንዱ ጥቁር ግራጫ ግድግዳ ያለው፣ መሐሉ ላይ ገንዳ የቆመበት፣ ከመኝታ ቤቱ በመስታወት ብቻ የተለየ መታጠቢያ ነው። ሌላው ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ እንጨት የለበሰ፣ ዝቅ ያለ መጅሊስ የተነጠፈበት ሳሎን ነው። እናቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ውሃ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው። ምስሎቹን ወደ እኛ ቤት እንዴት ላምጣቸው? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦

ምስሎቹን በጥሩ ዓይን ነው የመረጧቸው። ችግራቸው ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ የተሳሉ መሆናቸው ነው። የተሳለ ግድግዳ አይረጥብም፤ የተሳለ እንጨት አያብጥም፤ ያንን ገንዳ የሚሞላው ሙቅ ውሃ ከየት እንደሚመጣም የሚጠይቅ የለም። ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አይለቅም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወርዳል። በእነዚያ ወራት የረጠበ ፎጣ ውስጥ ተሰቅሎ አድሮ እርጥብ እንደሆነ ይነጋል። ስለዚህ የቤትዎ ኮንሰፕት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ ቢሉኝ «የረጠበ ሁሉ ቶሎ የሚደርቅበት ቤት» ብዬ እጽፈው ነበር። ጥቁሩ ግድግዳም እንጨቱም በዚህ ውሳኔ ሥር ቦታ ያገኛሉ። ውሳኔው ከሌለ ግን ሁለት ክረምት ሳይሞላ ሻጋታ ይወርሳቸዋል።

ይህ ሐሳብ ለጅማ አዲስ አይደለም። ከቤትዎ ብዙም የማይርቀውን፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳዎች ልብ ብለው ይመልከቱ። እንጨቱ ከላይ ጣሪያ ይጠልለዋል፣ በፊትም በኋላም አየር ይነካዋል። የእኛ ሥራም ይህንኑ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው።

ከመታጠቢያው ልጀምር፤ ገንዘብ የሚበላውም ቤት የሚያበላሸውም እሱ ነው።

የቆመው ገንዳ ይቅርብዎት። የተለመደው መጠን 1.70 በ0.75 ሜትር ነው፤ በ1.50 ወርድ አይገባም። በርዝመቱ ቢያስገቡት እንኳ ዙሪያውን ለማጽዳት ቢያንስ 15 ሴ.ሜ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ለሽንት ቤቱ መቀመጫ ቦታ የለም። ሒሳቡም አይወጣም። ለአንድ መታጠቢያ 150 ሊትር ያህል 40 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ያስፈልጋል። 80 ሊትር ቦይለር 60 ዲግሪ ድረስ ሞቆ ከ20 ዲግሪ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 160 ሊትር ይሰጣል፤ ማለትም ቦይለሩ ለአንድ ሰው ብቻ ተሟጦ ያልቃል። እንደገና ለመሞቅ ባለ 1,500 ዋት ከሆነ 2 ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፤ መብራት ካልጠፋ። በሻወር ግን በደቂቃ 8 ሊትር ብንቆጥር ለ8 ደቂቃ 64 ሊትር ይበቃል፤ 50 ሊትር ቦይለርም 100 ሊትር ያህል ይሰጥዎታል። ከሁሉ በላይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት የገንዳ ጠርዝ ተሻግረው መግባት የለባቸውም።

በገንዳው ፈንታ ከምስሉ የሚወስዱት ተቀምጦ በዝግታ የመታጠቡን ምቾት ነው። አከፋፈሉ እንዲህ ይሁን፦ ከ2.40ው ርዝመት በመስኮቱ በኩል ያለው 90 ሴ.ሜ፣ በሙሉ 1.50 ወርዱ ሻወር ነው። ቀጥሎ ያለው 75 ሴ.ሜ ለሽንት ቤት መቀመጫ፣ በሩ አጠገብ የቀረው 75 ለእጅ መታጠቢያ። መቀመጫውና እጅ መታጠቢያው በአንድ ረጅም ግድግዳ ላይ ይሰለፉ፤ መቀመጫው ወደ ፊት 70 ሴ.ሜ ቢወጣ እንኳ 80 ሴ.ሜ መተላለፊያ ይቀርልዎታል። በሻወሩና በመቀመጫው መካከል 80 ሴ.ሜ ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ያለው፣ 8 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) መስታወት ይቁም፤ የቀረው 70 ሴ.ሜ መግቢያ ነው፣ በር አያስፈልገውም። ከመስታወቱ ጀርባ፣ በዚያው ግድግዳ በኩል፣ በብሎኬት 45 ሴ.ሜ ከፍታና 40 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው የመታጠቢያ አግዳሚ ይሠራ። ላዩ ወደ ሻወሩ 1 ሴ.ሜ ያዘንብል፤ አለበለዚያ ውሃ ያቁርና ሳሙናው ያንሸራትታል። እናትዎ እዚያ ተቀምጠው የሚደርሱበት ቦታ ላይ የእጅ ሻወር ይገጠም፤ የመያዣ ብረቱ ከወለሉ 85 ሴ.ሜ ላይ ይሁን። ብረቱን ባዶ ብሎኬት ላይ በፕላስቲክ ፊሸር ማሰር አደገኛ ነው፤ የሚታሰርበት ቦታ ከልስኑ በፊት ብሎኬቱ ተከፍቶ ቀዳዳው በኮንክሪት ይሞላ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አካሉ ያግደዋል።

የመኝታ ቤቱን መስታወት በተመለከተ ሐሳቤ ቁርጥ ያለ ነው፦ አይሆንም። የሻወሩ እንፋሎት ፍራሽና ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ክረምት ላይ የልብስ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እናት፣ ልጅና እንግዳ ባለበት ቤት ሌላውን ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። ብርሃኑን ከፈለጉት ከበሩ በላይ 30 ሴ.ሜ ቁመት ያለው የማይከፈት የበረዶ መስታወት (ብርሃን የሚያስገባ ግን የማያሳይ) ያድርጉ።

አሁን ወለሉ። ውሃ ወደ ፍሳሹ ካልሄደ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። የሻወሩ ስሎፕ (ተዳፋት) በሜትር 2 ሴ.ሜ፣ የደረቁ ክፍል በሜትር 1 ሴ.ሜ፣ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ግድግዳ ያዘንብሉ። በግድግዳው ሥር 80 ሴ.ሜ ርዝመት ያለው መስመራዊ ፍሳሽ ቢገጠም ስሎፑ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚኖረው 60 በ60 ሴራሚክም ይተኛል። ክብ ወይም አራት ማዕዘን ፍሳሽ መሐል ላይ ከገባ ግን ወለሉ ከአራት በኩል ማዘንበል አለበት፤ ትልቅ ሴራሚክ ያን ጊዜ ጠርዙ ይነሳል፣ እግር ይቆርጣል፤ ስለዚህ 30 በ30 ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን። ስሎፑ የሚሠራው በሊሾው ነው። አንጣፊው «በማጣበቂያ አስተካክለዋለሁ» ካለ አይስማሙ፤ አንድ ቦታ 3 ሚ.ሜ ሌላ ቦታ 2 ሴ.ሜ የሆነ ማጣበቂያ እኩል ስለማይደርቅ ሴራሚኩ ይለቃል።

የሽንት ቤቱ መቀመጫ ቱቦ 110፣ የሻወሩና የእጅ መታጠቢያው 50 ሚ.ሜ ይሁን። ከእያንዳንዱ ፍሳሽ ሥር 5 ሴ.ሜ ውሃ የሚይዝ ሲፎን ይኑር። የሴፕቲክ ታንኩን ሽታ የሚያግደው ያ ውሃ ብቻ ነው። አዲስ ቤት ውስጥ ሽታ ሲመጣ ብዙ ሰው ታንኩን ይወቅሳል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአየር ማስወጫ ቱቦ ከጣሪያ በላይ ባለመውጣቱ ነው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ውሃ ሲለቅ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይሳብና የሲፎኑን ውሃ ይዞት ይሄዳል።

የውሃ መከላከያ ቅቡ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ነው። ባለ ሁለት ክፍል (ዱቄቱና ፈሳሹ የሚደባለቅ)፣ ሲሚንቶ መሠረት ያለው ይምረጡ። ወለሉ በሙሉ፣ የሻወሩ ሦስት ግድግዳዎች እስከ 2 ሜትር፣ የቀሩት ግድግዳዎች እስከ 15 ሴ.ሜ ይቀቡ። በእርስዎ ልክ 11 ካሬ ያህል ነው፤ ለሁለት ቅብ በካሬ ከ3 ኪሎ በላይ ስለሚሄድ 35 ኪሎ ገደማ ያዘጋጁ። ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያውን በመስቀል አቅጣጫ ይሂድ፤ ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ደግሞ በሁለቱ ቅቦች መካከል የጥግ ጨርቅ ይገባል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ቅቡ ሲደርቅ ፍሳሹን ይድፈኑ፣ 3 ሴ.ሜ ውሃ ያቁሩ፣ የውሃውን ከፍታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፣ 24 ሰዓት ይተዉት፤ ውሃው ከምልክቱ ከወረደ ወለሉ ያፈሳል ማለት ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ወለል ላይ አንድም ሴራሚክ እንዳይቀመጥ።

ለግድግዳው እስከ 2.10 ሜትር ብናለብስ ከወለሉ ጋር 18 ካሬ ነው፤ ለብክነት 10 በመቶ ጨምረው 20 ካሬ ይግዙ። ማጣበቂያው በካሬ 5 ኪሎ ቢቆጠር 90 ኪሎ ይሆናል። አንጣፊው በጥርሳም ማንኪያ ሙሉ በሙሉ ይቅባ፤ አምስት ቦታ ጠብ ጠብ አድርጎ መለጠፍ እዚህም እዚያም የተለመደ ነው፣ ግን ከጀርባው የሚቀረው ክፍተት ውሃ ይይዛል፤ ሲያንኳኩትም ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የመገጣጠሚያው መሙያ ግራጫ ይሁን። ነጭ መሙያ ወለል ላይ፣ በጅማ ቀይ አፈር፣ ወር አይቆይም። ወለልና ግድግዳ፣ ግድግዳና ግድግዳ በሚገናኙበት ጥግ ግን መሙያው ስለሚሰነጠቅ ሻጋታ የሚቋቋም ሲሊኮን ያስገቡ።

ጥቁሩ ግራጫ? እጅ መታጠቢያውና መቀመጫው ያሉበት ደረቅ ግድግዳ ላይ ያድርጉት፤ ሻወሩ ውስጥ ግን ፈካ ያለ ቀለም ይሻላል። ጥቁር ሴራሚክ ላይ የደረቀ የሳሙና ውሃ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ በየቀኑ መጥረግ ሊኖርብዎ ነው። የወለሉ የሚያብለጨልጭ አይሁን። ሱቁ ውስጥ አንድ ሴራሚክ ያስወርዱ፣ በሳሙና ውሃ ያርጥቡት፣ በባዶ እግር ይርገጡት። ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይህ ይታመናል።

አየሩ። መስኮቱ 60 በ60፣ ታችኛው ጠርዙ ከወለል 1.50 ላይ፣ ከላይ ታጥፎ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ እንዲህ ያለው መስኮት ዝናብ እየጣለም ክፍት ሆኖ ይውላል፣ በጎን የሚከፈተው ግን አይችልም። የክፍሉ ይዘት 10 ሜትር ኩብ አይሞላም፤ በሰዓት ከ90 እስከ 100 ሜትር ኩብ የሚስብ ባለ 100 ሚ.ሜ ማራገቢያ በቂ ነው። አየር የሚገባበት ከሌለ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ አይስብም፤ በሩ ሥር 2 ሴ.ሜ ክፍተት ይተዉ። ከታጠቡ በኋላም 20 ደቂቃ ይሥራ። አደራ የምለው ቱቦው ከቤቱ ውጭ መውጣቱን ነው። ብዙ ቤት ማራገቢያው እንፋሎቱን ኮርኒስ ላይ ይተፋዋል፤ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ያ እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ቺፕውዱ ያብጣል፣ ባለቤቱም ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎት ቆርቆሮ ይቀይራል።

ከሮቶ ስለሚጠቀሙ ግፊቱን ያስቡ። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው፤ የሮቶው ሥር ከሻወሩ ራስ በ3 ሜትር ቢበልጥ የሚያገኙት 0.3 ባር ነው። በምስሉ ላይ ከኮርኒስ የሚወርደው ሰፊ የዝናብ ሻወር በዚህ ግፊት ይንጠባጠባል እንጂ አይፈስም። ወይ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ያስገቡ፣ ወይ ጠባብ የእጅ ሻወር ይበቃል ይበሉ። ማቆሚያውን ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ከ1 ቶን በላይ እንደሚመዝን ግን ለብየዳ ሠራተኛው ይንገሩት። 50 ሊትር ቦይለርም ከነውሃው 70 ኪሎ ያህል ነው፤ ግድግዳውን በስቶ በሚያልፍ ቡሎን ይታሰር። የደኅንነት ቫልቩ አልፎ አልፎ ያንጠባጥባል፣ ሥራው ነው፤ የሚደፍነው ሰው ቦይለሩን ቦምብ ያደርገዋል። ለቦይለሩ ብቻ የተለየ 2.5 ካሬ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር፣ ማብሪያው ከበሩ ውጭ፣ መሬት ገመዱ የታሰረ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ያለው ይሁን። በዚህ ስፋት ክፍል ውስጥ ሶኬት አይኑር።

ወደ ሳሎኑ። እዚህ ምስልዎ የበለጠ ይሳካል፣ ምክንያቱም ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ናት፤ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሠራ እጅ ጣውላ መግጠም አያቅተውም።

አራቱንም ግድግዳ አያልብሱ። አንድ ይምረጡ፤ እሱም ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ሳይሆን የውስጥ መለያው ይሁን። ልስኑ ከተለሰነ ቢያንስ 28 ቀን ይቆይ። ከዚያ 50 በ50 ሴ.ሜ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው 24 ሰዓት ይተዉት፤ ከሥሩ ጠል ካገኙ ግድግዳው ገና ነው። እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ልቡ ምስጥን በደንብ ይቋቋማል። ሲገዙ ሕጋዊ ሰነድ ይጠይቁ። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጣውላው መድረቁን በሚዛን ያረጋግጡ፦ ከጥላ ሥር ከተደረደረው አንዱን በየሳምንቱ ይመዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያን ጊዜ ይገጠማል።

አገጣጠሙ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ጣውላው በቁም ከቆመ ደጋፊ ሞራሌው በአግድም ይመታል፤ ያን ጊዜ ከጀርባ ያለው አየር በየሞራሌው ይታፈናል። ሞራሌውን በየ50 ሴ.ሜው የ3 ሴ.ሜ ክፍተት ይተዉለት፤ ጣውላውም ከወለሉና ከኮርኒሱ 2 ሴ.ሜ ይራቅ። አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል። የጣውላው ስፋት ከ12 ሴ.ሜ አይብለጥ፣ ምስማሩ በአንድ ጎን ብቻ ይመታ፣ ክረምት ሲያብጥ መሄጃ ያግኝ። ጣውላው ከመገጠሙ በፊት አራቱም ፊቱ ቫርኒሽ ይቀባ። ጀርባው ሳይቀባ የቀረ ጣውላ በጀርባው እርጥበት ይጠጣና ወደ ፊት ይጎብጣል፤ አናጢው «አይታይም» ቢልዎት እንኳ እሺ አይበሉ።

መጅሊሱ በሦስት ግድግዳ ዙሪያ 80 ሴ.ሜ ጥልቀት ቢኖረው በ4.20ው በኩል መሐሉ ላይ 2.60 ይቀራል፤ ጥሩ ነው። ፍራሹ ግን ወለል ላይ አይረፍ፤ 10 ሴ.ሜ ከፍ ባለ፣ ክፍተት ክፍተት ባለው የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ ከውጭ ግድግዳም 5 ሴ.ሜ ይራቅ። ወለል ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ከሥሩ የሚሻግተው በክረምት መጨረሻ ነው፤ የሚታወቀው ለበዓል ሲነሳ ነው። ለእናትዎ በመጅሊሱ ጫፍ፣ ለበሩ ቅርብ፣ 45 ሴ.ሜ ከፍታና የእጅ መደገፊያ ያለው መቀመጫ በዚያው ጨርቅ ይሠራ። ከቤተሰቡ ሳይለዩ፣ ሰው ሳያነሣቸው ይነሣሉ።

የቡናውን ቦታ ከመጀመሪያው ይሳሉት። መስኮቱ አጠገብ 1.20 በ1.20 ምንጣፍ የማይደርስበት፣ የፍም ብልጭታ የማያቃጥለው የሴራሚክ ወለል ይሁን። ከሰሉ በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ ይግባ፤ ጢሱ ካለፈ በኋላም ግን ቀይ ፍሙ የማይሸት መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ዝናብ ነው ተብሎ ሁሉም እንዳይዘጋ ከመስኮቱ በላይ 15 ሴ.ሜ ቁመት ያለው ሁልጊዜ ክፍት የአየር ወንፊት ይሠራ። መግቢያው ላይ ደግሞ 1.20 በ90 ሴ.ሜ የሆነ፣ ከሳሎኑ 1.5 ሴ.ሜ ዝቅ ያለ የጫማ ቦታ ይተዉ፤ ጭቃው እዚያ ይቀራል። የሳሎኑ ሴራሚክ ማት፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ግራጫ ቢሆን ይመረጣል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ስለሆነ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት 5 ሴ.ሜ ፋይበር ግላስ ያስነጥፉ፤ ካልሆነ ሐምሌ ላይ ሳሎን ውስጥ መነጋገር ያቅታል። አምፖሎቹ 3,000 ኬልቪን (ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን) ይሁኑ፤ ነጩ ብርሃን የዋንዛውን ቀለም ይገድለዋል።

ከየት ልጀምር ላሉት፦ ከወለሉ። በዚህ ሳምንት ጠመኔ ይዘው የሻወሩን፣ የመቀመጫውን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ የመጅሊሱንና የቡናውን ቦታ በትክክለኛ ልካቸው ወለሉ ላይ ይሳሉ። እናትዎን ይዘው ይግቡ፤ ፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው ይቀመጡ፣ ይነሡ፣ ይዙሩ። ያጠበባቸውን ያስፉ፣ ከዚያ ልኩን ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ቧንቧ ሠራተኛውና ኤሌክትሪሺያኑ የሚጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቧንቧው በግፊት 24 ሰዓት ሳይፈተሽ ግድግዳው እንዳይዘጋ፤ ከመዘጋቱ በፊትም እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር አስደግፈው ፎቶ ያንሱ። ልስኑን፣ እንጨቱንና ቀለሙን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ያድርጓቸው፤ የቧንቧውና የሴራሚኩ ሥራ ግን ጣሪያው ስላለ ክረምትም ይሄዳል።